የጀይላን አሥር እንግዶች

ልደታ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለዙሃራ ዓብዱልሰላም፣ ጅዳ

ከሁሉ አስቀድሞ ለአባትሽ፣ ለአጎቴ ለሐጂ ዓብዱልሰላም የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስልኝ። ዕድሜ የሰጣቸው አምላክ ጤናውንም ይጨምርላቸው። ቀጥሎ ለአንቺ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ከኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ጋር እስካሁን አልታረቀም።

በስልክ ይንገሩኝ ብለሽኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት ሬጅስትራር የነበረ ሰው በቃል የተነገረ ነገር አያምንም፤ ራሱ የተናገረውንም ጭምር። ስለዚህ በእጄ ጽፌ፣ ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ። አንቺ ደግሞ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ለአጎቴ ታነቢላቸዋለሽ።

ወሬው ይኸውልሽ። የጠመንጃ ያዥ ቅያስ ሊፈርስ ነው። ሐውልቱም ይነሳል።

የነገሩን አመጣጥ ሳላስቀድም ወደ ውሳኔ መግባት አልለመደብኝምና ታገሺኝ። በጠላት ዘመን ያንቺ አያት፣ የኔ አያት የነጋ ወንድም፣ እዚያ ቅያስ ላይ አቡጀዲ ይሸጥ ነበር። እሱ ሱቁ ውስጥ ይሰግዳል፤ ነጋ ቤተ ክርስቲያን ይስማል፤ እናታቸው ለሁለቱም ትጸልያለች፣ በየትኛው በኩል እንደሆነ ግን ተናግራ አታውቅም። ወታደሮቹ ሰፈሩን ማሰስ ሲጀምሩ ሰውየው አሥር ጎረቤቶቹን ሱቁ ውስጥ አስገብቶ በሩን ዘጋ። በሩ ተሰበረ። አሥራ አንዱም ደጃፉ ላይ ተረሸኑ።

አገር ነፃ ሲወጣ አፅማቸው ተለቅሞ በአንድ ሳጥን ተቀበረ፤ በላዩ የድንጋይ ሐውልት ቆመ፤ በሐውልቱ ጫፍ መስቀል ተተከለ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች «መስቀል ባለበት ድንጋይ ላይ የክርስትና ስም የሌለው አይጻፍም» አሉ። አያቴ ነጋም ወንድሜ ከሚቀር ብሎ፣ ከሞተ አምስት ዓመት ለሆነው ሰው ስም አወጣለት። ወልደገብርኤል። ድንጋይ ጠራቢው የሚከፈለው በፊደል ነበርና አያቴ ለወንድሙ እጥፍ ከፈለ።

አሁን የመታሰቢያው ማኅበር ሐውልቱም ሳጥኑም ወደ አንድ ደብር ቅጥር ግቢ ይዛወር ብሏል። የየሟቹ ቤተሰብ እየመጣ ይፈርማል። ያልተፈረመለት ስሙ ከድንጋዩ ይፋቃል። ቤተሰብ ይፈርማል የተባለው መቼም አጣዳፊ ነገር ነው።

የሚሆነውን እየተከታተልኩ እጽፍልሻለሁ።

ወንድምሽ
ተሰማ በሱፍቃድ ነጋ


ጅዳ
ጥቅምት 22 ቀን 2017

አሰላሙ ዓለይኩም ጋሼ ተሰማ።

አላህ ጉልበትዎን ያበርታልዎ፤ እሱ ባይሆን አራተኛ ፎቁን ዝቅ ያድርግልዎ።

ደብዳቤዎን ለአባባ አነበብኩለት። ዓይኑ ከሄደ ቆየ፤ ጆሮው ግን የጎረቤት ሹክሹክታ ይለቅማል። «ወልደገብርኤል» ስል እጁን አነሳና «እሱን ዝለይው» አለኝ። ዘለልኩት።

ጋሼ፣ አባባ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው። አባቱ ሲሞት ጡት አልጣለም ነበር። ዛሬ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሳጥኑ ከተነሳ አይቀር አባቴን አውጥታችሁ ከሙስሊሙ መቃብር አስገቡልኝ፣ በስሙ ይሰገድበት፣ እሱን ሰምቼ ልሙት ይላል። መስቀሉን ንቀሉ አላለም። እኔም አላልኩም። መስቀላችሁ ይቁም፤ ከሥሩ አንድ ሰው ብቻ ስጡን።

ልጅ ሆኜ በመታሰቢያው ቀን እጄን ይዞኝ ከመንገዱ ማዶ ይቆም ነበር። ሟቾቹ በስም ሲጠሩ ለአሥሩም «አላህ ይዘንለት» ይላል። አሥራ አንደኛው ሲጠራ ወደኔ ዞሮ «ማነው እሱ?» ይለኛል። ቀልድ ይመስለኝና እስቅ ነበር። ያሳቀኝ ነገር አሁን እንቅልፍ ይነሳኛል።

ከፈን፣ እናንተ መግነዝ የምትሉትን፣ ከቆፋሪ ገንዘብ ጋር በመንገደኛ እጅ ልኬያለሁ። ለሌላ እንዳያደርጉት።

ሌላ አንድ ጥያቄ። ቤተሰብ ይፈርማል ብለው ጽፈዋል። ማን እንደፈረመ ግን አልጻፉም።

ዙሃራ


ልደታ
ኅዳር 27 ቀን 2017

ለተወደድሽው እህቴ ለዙሃራ፤

የመረቀኝ አፍሽ ይባረክ። የላክሽው ደርሶኛል፤ አልነካሁትም። መልሴ የዘገየው አቧራ ስለበዛ ነው። ጠመንጃ ያዥ ግማሹ ፈርሷል፤ ታክሲው መንገድ ስለጠፋው ተሳፋሪውን እየጠየቀ ነው የሚሄደው። ሰው ዕቃውን ጭኖ ሲያልፍ ጎረቤቱን «ደህና ሁኑ» ይላል፤ ጎረቤቱም እየጫነ ነው።

ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ተጠርተን ነበር። የማኅበሩን ሊቀ መንበር ሻምበል ቤካን አጎቴ ያውቁታል፤ ጡረታ የወጣው ከጦሩ መሐንዲስ ክፍል ነው። ከወረዳ ኢሊሊ የምትባል ልጅ መጥታ በቅያሱ ቦታ የሚሠራውን ንድፍ በስክሪን አሳየችን። መብራት አለው፣ ውኃ ይረጫል።

«መስቀሉስ?» አለ ሻምበል።

«መስቀሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል ጋሼ። እዚህ ሁሉን አቃፊ ነው የሚሆነው።»

«ስማቸውስ?»

«እሱም ይሄዳል።»

«እና ሁሉን አቃፊው ምን አቀፈ?»

ልጅቷ ስክሪኑን ዞር ብላ አየችው። «ፏፏቴውን» አለች።

ሻምበል ተነሳ። «ይህች አገር በመስቀል የተመሠረተች ናት፤ መስቀሉን የነካ መሠረቱን ነካ!» አለ። የመሐንዲስ ሰው ስለ መሠረት ሲናገር ማድመጥ ደግ ነው ብዬ አደመጥኩ። ከዚያ ግን አንድ ነገር አሰብኩ። ቤት ሲሠራ መሠረት ውስጥ የሚገባውን ድንጋይ ማንም ቀለም አይቀባውም፤ አይታይማ። እኛ አገር ስንሠራ መሠረት ውስጥ የገባውን ሰው ሳይቀር ቀባነው።

ይህን ሻምበል ፊት አላልኩትም። ላንቺ ነው የምጽፈው።

ስለ ፊርማው የጠየቅሽውን አይቼዋለሁ። ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው።

ተሰማ


ጅዳ
ኅዳር 29 ቀን 2017

ጋሼ ተሰማ፣ ሰላም ለርስዎ ይሁን።

እንዳለች ደወለችልኝ። ከድሮ ቤታችን ጎን ከሰል የምትሸጠው እንዳለች። መጀመሪያ ቀን፣ ከሰው ሁሉ ቀድመው፣ «የወልደገብርኤል የወንድም የልጅ ልጅ» ብለው የፈረሙት እርስዎ ነዎት አለችኝ። ያንን ደብዳቤ ሲጽፉልኝ ቀለሙ ጣትዎ ላይ ነበር ማለት ነው።

የፈረሙት ሳጥኑን ለደብሩ ለመስጠት ነው። የማን አባት እንደሆነ እያወቁ።

ነጃሺ የነቢዩን ሰዎች ሲያስጠጋ መጀመሪያ ስማችሁን ቀይሩ አላላቸውም። እናንተ አንድ አቡጀዲ ነጋዴ ለአገሩ እንዲሞት ፈቅዳችሁ፣ በስሙ ይሙት ሲባል ግን ድንጋዩ አይበቃም አላችሁ። የአገሪቱ ታሪክ ሲወራ እኛ መጤ ነን። አፅሙ ሲለቀም ግን ከሥር ተገኘን።

ለአባባ የርስዎን ደብዳቤ አነበብኩለት። «በሂደት ላይ ነው» የሚለው ጋ ስደርስ «ሰማንያ ስምንት ዓመት ሲሄድ አልደረሰም እንዴ?» አለኝ። ፊርማውን አልነገርኩትም። እርስዎ ይንገሩት።

ዙሃራ


ልደታ
ታኅሣሥ 8 ቀን 2017

እህቴ ዙሃራ፤

ሰላምታው በልቤ ነው፤ ዛሬ ማሳመር አፈርኩ።

ፈርሜያለሁ። ያልተፈረመለት ይፋቃል ሲባል በእኔ ሙያ መጀመሪያ መዝገብ ይከፈታል፣ ስሕተቱ በኋላ ይታረማል ብዬ ነው። ሠላሳ ዓመት የሠራሁት እንዲህ ነው። የታረመ መዝገብ አይቼ አውቃለሁ፤ በብዛት ግን አይደለም።

ይህ ምክንያቴ ነው። ከምክንያቴ በታች ያለውም ይጻፍ። ስሙ ከድንጋዩ እንዲነሳ አልፈለግሁም። ልጆች ሆነን አስተማሪያችን ሰልፍ አስይዘው ወስደውን ስም ሲያነቡ «እሱ የኛ ነው» ብዬ እጄን አውጥቻለሁ። የኛ ቤት በዚህች አገር ግድግዳ ላይ ያለው ሚስማር ያ ብቻ ነው። ሚስማሩ የተመታው በማን እጅ ላይ እንደሆነ አውቅ ነበር።

ትናንት ሻምበል ቤካ ዘንድ ሄጄ ፊርማዬን አነሳለሁ፣ አቤቱታ አስገባለሁ አልኩት።

«ተሜ፣ ሰውየህን ከፈለግህ ውሰደው» አለኝ፤ «ስሙ ግን ይፋቃል። ሁለቱንም አታገኝም።»

«ሻምበል፣ አሥሩን ደብቆ እኮ ነው የሞተው።»

«አውቃለሁ። አንዱ አያቴ ነው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ለዚህ ነው ክርስቲያን ያደረግነው። ክብር መስሎን ነው። የነበረንን ትልቁን ነገር ሰጠነው።»

አልዋሸም፤ ያስፈራኝም አለመዋሸቱ ነው።

አጎቴን ጠይቂልኝ። ስሙን ነው ወይስ አፅሙን? ፊርማውንም ንገሪያቸው፤ ይህን ደብዳቤ ሳትዘይ አንብቢው።

ተሰማ


ጅዳ
ታኅሣሥ 12 ቀን 2017

ጋሼ፣

ሳልዘል አነበብኩለት። ከዚያ «የሱ ስም መቼ እዚያ ነበረና? አፅሙን» አለ።

ስለርስዎ ምንም አላለም። ሻይ ስሰጠው ብቻ «ተሰማ ልጅ ሳለ ቆሎ ሲካፈል እንኳ ቀድሞ ለራሱ ነበር የሚዘግነው፤ በኋላ ግን ይመልሳል» አለኝ።

ቶሎ ይበሉ ጋሼ። እህል ትቷል።

ዙሃራ


ጅዳ
ጥር 6 ቀን 2017

ጋሼ ተሰማ፣

ከርስዎ ምንም አልመጣም። ባለፈው ሳምንት በየቀኑ «ከልደታ መጣ?» ይለኝ ነበር። «አልመጣም» እላለሁ። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ «ወጥቷል አባባ፣ ሊሰግዱበት ነው» ብዬ ልዋሸው አፌን ከፈትኩ። «አታንቢ ያልተጻፈ» አለኝ።

ትናንት ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ አባባ አልፏል። ወዲያው ቀበርነው። እዚህ መቃብር ላይ ስም አይጻፍም፤ ድንጋይ አቁመው ይሄዳሉ። እሱ ዓይኑ ሳይሄድ ይህን ሲያይ ደስ ይለው ነበር።

የላክሁት ከፈን እጅዎ ላይ ከሆነ ለሚያስፈልገው ይስጡት።

ዙሃራ


ልደታ
ጥር 28 ቀን 2017

ለእህቴ ለዙሃራ፤

አጎቴን አምላክ በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን። ላንቺ መጽናናቱን እንዲሰጥሽ የምለምነው ሌላ የምሰጥሽ ስለሌለኝ ነው።

ዝም ያልኩበትን ልንገርሽ። ሳጥኑ የተከፈተው አጎቴ ከማረፋቸው ከብዙ ቀን በፊት ነው። አቤቱታዬ ተቀባይነት አግኝቶ ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አንዴ ገጠመኝ። ቄስ መጡ፣ ሼኽ መጡ፣ ሻምበል ኮፍያውን ይዞ ቆመ፣ ኢሊሊ በስልኳ ትቀርጻለች። እኔ ከፈኑን በፌስታል ይዤ ነበር።

ክዳኑ ተነሳ። አሥራ አንዱ ተደባልቀዋል፤ የሰው አፅም ሳይሆን እንደ ማገዶ የተከመረ ነው። ያኔ የለቀሙት ሰዎች ድንጋዩ ላይ አንድ በአንድ ጽፈዋቸዋል፤ ከሥር ግን ማንም ማንን አልለየም። ከላይ ያየነው ልዩነት ሁሉ ወደ ታች አንድ ክንድ እንኳ አልወረደም።

ሼኹ ጎንበስ ብለው አዩና «ኒያዬን፣ የልቤን ሐሳብ፣ ለአንዱ አድርጌ መስገድ እችላለሁ፤ መቃብራችን ግን አሥር ክርስቲያን አይቀበልም» አሉ። ቄሱም «ለአሥሩ ፍትሐት አደርሳለሁ፤ ቅጥራችን ግን ያልተጠመቀ አይቀበልም» አሉ። ሁለቱም በትሕትና ነው የተናገሩት፤ ሁለቱም እንደ መጽሐፋቸው ልክ ናቸው። እኔ ዝም ብዬ ፈርሜ ብተወው ኖሮ አሥራ አንዱም ዛሬ መቃብር ነበራቸው።

ኢሊሊ ወደ ቢሮዋ ደወለች። «የተከራከረው ማነው?» ተባለች። «እሳቸው ናቸው» አለች። «ጉዳዩ እስኪወሰን ባለጉዳዩ ይያዘው» ተባለ። መታወቂያዬን አስመዘገቡኝ።

ስለዚህ ሳጥኑ አራተኛ ፎቅ ነው፤ እኔ ቤት፣ ከአልጋዬ አጠገብ። የተሸከሙት ልጆች «ጋሼ፣ ምን መጽሐፍ ነው እንዲህ የሚከብደው?» አሉኝ። የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ደግሞ እንግዳ ከበዛ የውኃ መዋጮ ይጨመራል የሚል ማስታወቂያ ለጥፏል። እኔን አስበው እንዳልሆነ አምናለሁ።

ሐውልቱ ደብሩ ቅጥር ገብቷል። ማንነቱ ካልተለየ ስሙ አይፋቅም ስላሉ ወልደገብርኤልም አብሮ አለ። ድንጋዩ ያለ ሰው ቆሟል፤ ሰዎቹ ያለ ድንጋይ ተቀምጠዋል። ፏፏቴው ሥራ ጀምሯል።

ይህንን ሁሉ አይቼ ወደ ቤቴ ተመለስኩና ለአጎቴ ልጽፍ ተቀመጥኩ። የሚነበብላቸው ነገር አጣሁ። ያልተጻፈ አታንቢ ማለታቸውን ስሰማ ለኔ የላኩት መሰለኝ።

ተሰማ


ጅዳ
የካቲት 2 ቀን 2017

ጋሼ ተሰማ፣ ሰላም ይሁኑ።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ልማድ ሆኖብኛል።

ተናድጄብዎታለሁ፤ አሁንም አልበረደልኝም። ይህን ይወቁት። ግን አንድ ነገር ይመልሱልኝ። ሳጥኑ ወዴት ዞሯል?

አርብ የካቲት 14፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ እዚህ ካሉት ሰዎቻችን ጋር ሆነን በሩቅ ላለ ሟች የሚሰገደውን ልንሰግድ ነው፤ ለአባባ አባት። ሼኹ መስገድ እችላለሁ ብለው የለ? ይጥሯቸው። መካ ከናንተ በስተ ሰሜን ነው።

ሌላ ነገር አልጠይቅዎትም።

ዙሃራ


ልደታ
አርብ፣ የካቲት 14 ቀን 2017

ለእህቴ ለዙሃራ ዓብዱልሰላም ጀይላን፤

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ዛሬ አብረውሽ ለቆሙት ሁሉ።

ረቡዕ የመታሰቢያው ቀን ነበር። በደብሩ፣ ሐውልቱ ጋ ጸሎት ነበረ፤ እኔ አልሄድኩም፣ ቤቴ እንግዳ አለ። ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ሻምበል ቤካ ነው፤ አራቱን ፎቅ ወጥቶ ትንፋሽ አጥሮታል። ሳጥኑ ፊት ቆሞ ኮፍያውን አወለቀና ስም መጥራት ጀመረ። አሥሩን ጠርቶ ቆመ።

ጠበቅሁት።

«ማን ልበል?» አለኝ።

«ሱቁ የማን ነበር?» አልኩት።

መልሱን ያውቀዋል። ኮፍያውን አጠለቀ። ደረጃው ላይ ሲወርድ ብዙ ጊዜ ሲቆም ሰማሁት፤ ይመለሳል ብዬ በሩን ክፍት አድርጌ ቆየሁ። አልተመለሰም።

ዛሬ ሼኹ መጡ። ብቻቸውን ነበሩ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ ለአንዱ ብለው ሰገዱ። ከፈኑን በሳጥኑ ላይ አለበስኩት፤ ለማን እንደደረሰ አላውቅም፤ ለሁሉም በቅቷል። እኔ መስገድ ስለማላውቅ ከኋላቸው ቆምኩ። በዚያው ሰዓት አንቺም ቆመሽ እንደነበር አስቤ ሰዓቴን አየሁ፤ ከዚያ አለማየት ይሻላል ብዬ ተውኩት።

ከወረዳ እስካሁን ውሳኔ የለም። ሞት ቀድሞ እኔን እንዳይወስነኝ ብዬ በሰባ አንድ ዓመቴ ተናዝዣለሁ፤ ሳጥኑ ለማን እንደሚተላለፍ የምጽፈው ሰው ግን አላገኘሁም። ይህን የምነግርሽ እንድታውቂው ነው እንጂ እንድትመልሺልኝ አይደለም።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። ሳጥኑ ሲመጣ እግሩ ወደ መስኮቱ ነበር። ትናንት አልጋዬን ወደ ግድግዳው ገፍቼ፣ ብቻዬን፣ ቀስ እያልኩ ወደ ሰሜን አዞርኩት። አሥሩ ተቃውሞ አላቀረቡም። ያኔም የሱ እንግዶች ነበሩ፤ በሩን የዘጋላቸው እሱ ነው።

ዛሬ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ተሰማ በሱፍቃድ ነጋ
የጀይላን የወንድም የልጅ ልጅ